ተመስገን ለማለት አፌ እንቢ አለኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ምስጋና የሚጠይቁ ናቸው። አራቱን መርጫለሁ። ሁሉም የመጡት ከአዲስ አበባ ዳር ነው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከሰበታ፣ ከቦሌ አራብሳና ከቡራዩ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ጥያቄው የብዙ ሰው ነው ብዬ ስለማምን።

*ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እናቴ ባለፈው ክረምት ታማ ዐረፈች። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ የሚሠራበት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ተቀነሰ። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፣ እሱም ሌሊት። ሰው ሁሉ «ተመስገን በይ፣ ከዚህ የባሰም አለ» ይለኛል። ልቅሶ ላይ ሳይቀር «ሳትሰቃይ ነው የሄደችልሽ፣ ተመስገን በይ» አሉኝ። ድሮ ይህ ቃል ከአፌ አይጠፋም ነበር። አሁን ግን ተመስገን ለማለት አፌ እንቢ አለኝ። ስለው የዋሸሁ ይመስለኛል። ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?*

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእናትሽንም ነፍስ ይማር።

ኃጢአት አይሆንብሽም። እግዚአብሔር ፊት ቆሜ የማላምንበትን አልናገርም ማለትሽ እሱን መፍራትሽን ነው የሚያሳየኝ። የልብሽን ለሚያውቅ አምላክ ያልሆነውን ሆነ ብሎ መንገር ለማንም አይጠቅምም፤ አንቺንም ያደክምሻል።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እናትሽ ስለ ሞተች እግዚአብሔርን አመስግኚ ብሎ ሊያስገድድሽ የሚገባ ሰው የለም። ጌታችን ራሱ ወዳጁ አልዓዛር መቃብር ጋ ሲደርስ ምን እንዳደረገ እስቲ እናስታውስ። ሊያስነሣው እንደሆነ ያውቃል። ቢሆንም የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ቁጥር 35 ላይ «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ» ይላል። ትንሽ ዝቅ ብለሽ ቁጥር 41 ላይ ደግሞ «አባት ሆይ፥ ስለ ሰማኸኝ አመሰግንሃለሁ» ሲል ታገኚዋለሽ። ለቅሶውም ምስጋናውም በአንድ ቀን፣ በአንድ መቃብር ደጃፍ ነው። በመሐል «በቃ፣ አሁን እንባችሁን ጥረጉ» ያለበት ቦታ የለም፤ እንዲያውም ቁጥር 38 ወደ መቃብሩ የመጣው እንደገና በራሱ አዝኖ መሆኑን ይነግረናል። ስለዚህ እያለቀሱ ማመስገን ይቻላል፣ ያመሰገነ ሰውም ማልቀሱን መተው የለበትም።

ኢዮብንም ሰዎች የሚጠቅሱት ግማሹን ብቻ እየቆረጡ ነው። «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ» የሚለውን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ከዚያ በፊት ግን ልብሱን ቀደደ፣ ራሱን ተላጨ፣ መሬት ላይ ተደፋ። ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ የተወለደበትን ቀን ይረግማል! ይህን ሁሉ ተናግሮ፣ ተሟግቶ፣ ጮኾ፣ መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ስለ እኔ በቅንነት የተናገረው ኢዮብ ነው አለ እንጂ ለእግዚአብሔር ጠበቃ የቆሙትን ወዳጆቹን አላመሰገነም። ወዳጆቹ ደግ ሥራ የሠሩት ቃል ሳይናገሩ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ የተቀመጡ ጊዜ ነው። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ልቅሶ የምንደርስ ሁላችን ይህን ብናስብበት ደስ ይለኛል። ያዘነ ሰው ጋ ሄዶ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ቡና ማፍላት፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስ ትልቅ ነገር ነው። «ተመስገን በይ» የሚለውን ቃል ለራሷ ጊዜ እንተውላት።

«ከዚህ የባሰም አለ» የሚለውን ማጽናኛም እኔ አልወደውም። ሰዎቹ በክፋት እንደማይሉት አውቃለሁ። ግን የሌላው ሰው መከራ ለእኔ ማመስገኛ ሊሆን አይገባም። በሉቃስ ምዕራፍ 18 ያለው ፈሪሳዊም «አመሰግንሃለሁ» ብሎ ነበር የጀመረው፤ ያመሰገነው ግን እንደ ሌሎቹ ሰዎች፣ እንደዚያ ቀራጭም ስላልሆነ ነው። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው እሱ አይደለም።

ታዲያ ምን ላድርግ ትይኝ ይሆናል።

የምትይው እውነት ይሁን፣ ትንሽም ይሁን፣ በስሙ የተጠራ ነገር ይሁን። «ስለ ሁሉም ነገር ተመስገን» ካቃተሽ ለጊዜው ተይው። ስለ እናትሽ ሞት ሳይሆን ስለ እናትሽ አመስግኚ። ስለ ያዘችሽ እጅ፣ ስለ አስተማረችሽ ወጥ፣ ስምሽን ስትጠራ ስለነበረው ድምፅ። «ይህችን እናት ሰጥተኸኝ ነበር፤ ናፈቀችኝ» ብትይው ምስጋናም ለቅሶም ነው፤ አንድም ውሸት የለበትም። መዝሙረ ዳዊት 12ን ክፈቺው (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ 13 ነው)። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ጀምሮ ከጥቂት መስመር በኋላ «የረዳኝን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ» ብሎ ያበቃል። እስከዚያ መድረስ ያልቻልሽ ቀን ደግሞ 87ኛው መዝሙር (88) አለልሽ። እሱ መጨረሻው ላይ እንኳ ምስጋና የለውም፤ ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ እያለ በጨለማ ነው የሚያልቀው። አባቶቻችን ይህንንም ከመዝሙራቱ አላወጡትም፤ በጸሎት ይደገማል።

ስለ ውሃውም ልበል። ሌሊት 8 ሰዓት ተነሥተሽ ቢጫ ጀሪካኖችሽን ስትደረድሪ ይታየኛል። ቧንቧው መጀመሪያ ያፏጫል፣ አየር ይተፋል፣ ከዚያ የደፈረሰ ነገር ያወጣል፣ ቆይቶ ይጠራል። ያን ጊዜ ልጆችሽ ተኝተዋል፣ ሕንፃው ጸጥ ብሏል፤ ከእግዚአብሔር ጋር ለመነጋገር ከዚያ የተሻለ ሰዓት ላታገኚ ትችያለሽ። መድከምሽን ንገሪው። ባልሽ ሥራ ማጣቱን ንገሪው። ውሃው ሲጠራም «መጣልኝ» በዪው። ይህችው ትበቃለች።

አመስጋኝ መሆን ማለት ግን ስለ ውሃው አቤት አለማለት አይደለም። ጳውሎስና ሲላስ ፊልጵስዩስ እስር ቤት ውስጥ፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፣ በመንፈቀ ሌሊት እያመሰገኑ ይዘምሩ ነበር፤ ይህን ሁላችንም ሰምተናል። በማግሥቱ የሆነው ግን ብዙ አይነገርም። ገዢዎቹ በስውር ሊለቋቸው ሲሉ ጳውሎስ እንቢ አለ። የሮም ሰዎች ስንሆን ያለ ፍርድ በሕዝብ ፊት ደብድበውናል፤ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ፤ የሐዋርያት ሥራ 16፥37 ላይ አለ። ሌሊት የዘመረው ሰውዬ ነው ጠዋት መብቱን የጠየቀው። ስለዚህ ከጎረቤቶችሽ ጋር ሆናችሁ ስለ ውሃው ወደሚመለከተው ቢሮ ብትሄጂ እምነትሽ አይጎድልም።

እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን መሄድሽን አትተይ። ምንም ባትናገሪ ቁሚ። በቅዳሴው መጀመሪያ የሚጸለየው የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎተ አኰቴት (የምስጋና ጸሎት) የሚለው «እናመስግነው» ነው፤ በብዙ ሰው አፍ። አንቺ ቃል ባጣሽ ቀን አጠገብሽ የቆመችው ሴት ለአንቺም ትላለች። ለንስሐ አባትሽም ለእኛ የጻፍሽውን ያህል ንገሪያቸው። ሐዘኑ እንቅልፍና ምግብ ነሥቶሽ ከከረመ ደግሞ ሐኪም ማማከር አለብሽ፤ ጸበሉም ሐኪሙም ከእግዚአብሔር ነው።

*ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? ሰበታ ነው የምኖረው፣ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ እወጣለሁ፣ ማታ 2 ሰዓት እገባለሁ። ድሮ ሰንበት ትምህርት ቤት ነበርኩ፣ ጸሎትም አላቋርጥም ነበር። አሁን ውዳሴ ማርያም ከደገምኩ ቆየሁ። እግዚአብሔርን ሳላመሰግን ነው ቀኑ የሚያልፈው። ምን ትመክሩኛላችሁ?*

ወንድሜ፣ ጊዜ የለህም፤ እሱን አልከራከርህም። ቤተ ክርስቲያናችን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ ሠርታልናለች፤ ነግህ (ማለዳ)፣ ሠለስት (ጠዋት 3 ሰዓት)፣ ቀትር (6 ሰዓት)፣ ተሰዓት (9 ሰዓት)፣ ሠርክ (11 ሰዓት)፣ ንዋም (የመኝታ ሰዓት)፣ መንፈቀ ሌሊት። ዳዊት «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ካለው ጋር ይሄዳል። እነዚህን ሁሉ ማሽን ላይ የቆመ ሰው ቆሞ ያድርስ አልልህም። ግን ሰዓቶቹ አንተም ጋ ይደርሳሉ እኮ! ከቤት ስትወጣ ነግህ ነው። የሻይ ዕረፍታችሁ ሠለስት አካባቢ ይውላል። ምሳ ቀትር ነው። በየሰዓቱ አንድ ዓረፍተ ነገር በልብህ ማለት ከሥራህ አያስተጓጉልህም።

ምን ልበል ካልክ፣ ከላይ ያነሣሁት ጸሎተ አኰቴት ለዚህ እንደተጻፈ ነው የሚሰማኝ። እግዚአብሔርን ለምን እንደምናመሰግን ሲናገር ነገሩን በግስ በግስ ይዘረዝረዋል፤ ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና፣ ተቀብሎናልና፣ አጽንቶናልና፣ እስከዚችም ሰዓት አድርሶናልና። አንዷን ብቻ ይዘህ ውጣ። ዛሬ «ጠብቆኛልና» ከሆነች፣ በጨለማ ከቤትህ እስከ አስፋልቱ ስትሄድ ከምን ከምን እንደጠበቀህ አስብ፤ ከውሻው፣ ከጭቃው፣ ከሚከንፈው ሲኖትራክ። ነገ ሌላዋን ያዝ። እንዲህ ስታደርግ ጸሎቱ የአንተ ቀን ውስጥ ይገባል። ዝም ብሎ «ተመስገን፣ ተመስገን» እያሉ ከመሄድ ይህ ይሻላል እላለሁ።

ቅዱስ ባስልዮስ ራሱ ስለ ምስጋና ሲሰብክ ሕዝቡን ገዳም ግቡ አላላቸውም። ማዕድ ስትቀርቡ ጸልዩ፣ እንጀራችሁን ስታነሡ የሰጣችሁን አመስግኑ፣ ልብሳችሁን ስትለብሱ ያለበሳችሁን አመስግኑ ነው ያላቸው። አንተም ትበላለህ፣ ትለብሳለህ። የሥራ ልብስህን ስትቀይር አንድ ጊዜ አማትብ። ምሳ ዕቃህን ስትከፍት አቡነ ዘበሰማያትን በልብህ በል፤ ስትጨርስም እንደዚያው። እኔ የማየው ብዙ ሰው ከመብላቱ በፊት ይጸልይና ከበላ በኋላ ይረሳል። ኦሪት ዘዳግም 8፥10 ግን «ትበላማለህ ትጠግብማለህ» ካለ በኋላ ነው እግዚአብሔርን ትባርካለህ የሚለው። ለጠገበ ሰው ነው የተነገረው፤ የሚረሳው እሱ ስለሆነ ይመስለኛል።

እሑድ ዕረፍት ካለህ ቅዳሴውን አትለፈው። ውዳሴ ማርያምንም የየዕለቱን ታክሲ ውስጥ ከስልክህ ማንበብ ትችላለህ። ሲመሽ ደክሞህ ከተኛህበት እንቅልፍ ይዞህ ቢሄድም አትጨነቅ።

*ጥያቄ፦ በ2005 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ፣ ስንት ዓመት ቆጥቤ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ቦሌ አራብሳ ወጥቶልኝ ገባሁ። ለቅዱስ ገብርኤል ጥላ ተስዬ ነበር። ድንኳን ተክዬ፣ በግ አርጄ ትልቅ የምስጋና ዝግጅት ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ብሩን ከዕቁብ ላይ እበደራለሁ። ያስጨነቀኝ ግን አብራኝ የተመዘገበች ጓደኛዬ እስካሁን አልወጣላትም። እንዴት ባደርገው ይሻላል?*

እንኳን ደስ አለሽ! ዕጣ የደረሰው ሰው ሲደሰት ደስ ይላል።

ከስለትሽ ጀምሪ። መክብብ 5፥4 «ለእግዚአብሔር ስእለት በተሳልህ ጊዜ … ትከፍለው ዘንድ አትዘግይ» ይላል። ጥላዋን ገዝተሽ አስገቢ። የተሳልሽው ጥላ ነው፤ ድንኳኑን ማንም አልጠየቀሽም። ለድግሱ መበደርሽን አልደግፍም፣ በግልጽ ልንገርሽ። የባንኩ ብድር አለብሽ፣ ወለሉ አለ፣ በርና መስኮቱ አለ። ተበድሮ መደገስ ወሩ ሳያልቅ ወደ ምሬት ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ቤቱን የሰጠሽን ማመስገኑም ይከብድሻል።

አነስ አድርገሽ ግን ደግሺ። እንጀራና ወጥ፣ ቡናና ፈንድሻ ይበቃል። የምትጠሪያቸው ሰዎች ላይ አስቢበት። ጌታችን ግብዣ ባደረግህ ጊዜ ድሆችን ጥራ ብሏል። ቤትሽን ስታስጨርሺ አሸዋና ሲሚንቶ በጀርባቸው እስከ ቤትሽ ያወጡልሽ የቀን ሠራተኞች አሉ፤ ጥሪያቸው። ጥበቃውን ጥሪው። ሰፈሩ ከመሠራቱ በፊት መሬቱ ይታረስ ነበር፤ ያርሱት ከነበሩት ቤተሰቦች ውስጥ ዛሬ በር ላይ ወተት ወይም እሸት የምትሸጥልሽ እናት ካለች እሷንም አክብረሽ አስቀምጫት። ዘዳግም 6 ላይ እግዚአብሔር ሕዝቡን ያልሠራሃቸው ከተሞችና ያልሞላሃቸው ቤቶች ውስጥ ስትገባ እንዳትረሳኝ ብሎ ያስጠነቅቃል። ያንቺም ቤት ብዙ ሰው የደከመበት ነው። ጳውሎስ እግዚአብሔርን ሲያመሰግን ሰዎቹን አይረሳም፤ ሮሜ 16 ላይ ነፍሳቸውን ለሞት ያቀረቡለትን ጵርስቅላንና አቂላን በስም ጠርቶ ያመሰግናል። የቀበሌ ጉዳይሽን የጨረሰልሽ፣ ቁጠባው ሲጎድልሽ የሞላልሽ ሰው ካለ ደውለሽ አመስግኚው።

ስለ ጓደኛሽ፦ ደስታሽን አትደብቂያት፤ ከሌላ ሰው ብትሰማ ነው የሚጎዳት። ለብቻዋ ቀድመሽ ጥሪያት። «ያንቺም ይደርሳል» ብለሽ አትቸኩይ፣ አንቺ ዕጣውን የምታወጪ አይደለሽምና። «ላንቺም እጸልያለሁ» በያት፣ ካልሽም ጸልዪ። እሷ ፊት እግዚአብሔርን ስታመሰግኚ እንደ ተመረጥሽ አድርገሽ አታውሪ። የወጣልሽ ከእሷ በልጠሽ አይደለም።

*ጥያቄ፦ ቡራዩ ነው ያለሁት፤ አያት ነኝ። የሰባት ዓመት የልጅ ልጄ ምንም ቢሰጡት አይጥመውም። ሽሮ ሲቀርብለት ያኮርፋል። «አመስግን» ስለው በግድ ይላል። እንዴት ላስተምረው?*

እማማ፣ በቁጣ ያለው ቃል ከከንፈሩ አያልፍም፤ እሱን እርስዎም ያዩት ይመስለኛል። ቡና ሲያፈሉ አጠገብዎ ያስቀምጡት። መቼም ቡናው ሳይመረቅ አይጠጣም። በረካው ሲቀዳ፣ ከምርቃቱ በፊት፣ እርስዎ መጀመሪያ ዛሬ ያስደሰተዎትን አንድ ነገር ለእግዚአብሔር ጮክ ብለው ይንገሩት፤ «ጉልበቴ ዛሬ አልቆረጠመኝም፣ ተመስገን» እንደ ማለት። ከዚያ የተሰበሰበው ሰው በተራ ይበል። ልጁን አያስገድዱት፤ ሲሰማ ይከርምና አንድ ቀን ራሱ ይጀምራል። የሚለው ስለ ኳሱ ቢሆን፣ ስለ ካርቱን ፊልም ቢሆን፣ አይሳቁበት፣ አያርሙትም፤ ደስ ያለው እሱ ከሆነ ሌላ ምን ይበል? ሽሮውንም አንድ ቀን አብሮዎት ይሥራው። ዱቄቱን ይበትን፣ እንዳይጓጉል ያማስል፣ ሲንተከተክ ይየው። ያኮረፈ ቀን ደግሞ ዝም ይበሉት፤ ርቦት ሲመጣ ያቅርቡለት።